የምርምር ፈቃድ ሰጪው ለማን ተጠያቂ ነው?

ድሬዳዋ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ስሟ ደጋግሞ የሚነሳ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የዴንጊ ወረርሽኝ የተነሳው በእርሷ ነው። በ2019 ቺኩንጉኒያ ገብቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ አልጋ ላይ አዋለ። በ2022 ደግሞ ወባ ይቀንሳል በሚባልበት ደረቅ ወቅት ሕሙማን በዙ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና የከተማዋን ነዋሪዎች ያካተተ ጥናት ተደረገና፣ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ ትንኝ በወረርሽኙ ውስጥ እጇ እንዳለበት አሳየ። ኔቸር ሜዲስን የተባለው መጽሔት በ2023 ካሳተመው በኋላ ያ ጥናት የአፍሪካ ከተሞችን የወባ ዕቅድ እንደገና ያስመረመረ ማስረጃ ሆነ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከአንድ ቦታ ይነሳል፤ ጣቱን ለመርፌ ከዘረጋ ሰው። የቤቷን የውኃ በርሜል ለትንኝ ፈላጊ ከከፈተች እናት፣ ስንት ልጅ እንደሞተባት ተጠይቃ ከመለሰች ሴት፣ ስሙን ሰጥቶ ከፈረመ አባወራ ይነሳል። ተመራማሪው ወደ እነዚህ ሰዎች ደጃፍ ከመድረሱ በፊት “ሂድ” ወይም “አትሂድ” የሚለው አካል የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይባላል። ኮሚቴው ሲሠራ ማንም አያየውም፤ ሳይሠራ ሲቀር ግን ጉዳቱ የሚያርፈው ስለመኖሩ እንኳ ሰምቶ በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ማን እንደሚሾመው፣ ማን እንደሚቀመጥበት፣ ለማንስ መልስ እንደሚሰጥ መጠየቅ የተመራማሪዎች የውስጥ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ጥያቄውን ከዋሂል ሆነን ብናየው ይጠራል። ድሬዳዋ በ9 የከተማና በ38 የገጠር ቀበሌዎች ተደራጅታ የኖረች አስተዳደር ናት። ከገጠር ክላስተሮቿ አንዱ በዋሂል ስም ይጠራል። ማሽላ የሚዘራበት፣ ከብት የሚረባበት፣ አብዛኛው ሰው አፋን ኦሮሞ የሚናገርበት አካባቢ ነው። ከተማ ውስጥ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሐረር ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ስለ እናቶች ወሊድ፣ ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ስለ ምግብ እጥረት መመረቂያ የሚጽፍ ተማሪ ከሁለቱም ተነስቶ በቀላሉ ሊደርስባቸው ከሚችላቸው ገጠሮች መካከል እንዲህ ያሉ ቀበሌዎች ይገኙበታል።

ደብዳቤው የሚጓዝበት መንገድ

ተመራማሪው በመጀመሪያ ፕሮፖዛሉን ለተቋሙ ኮሚቴ ያስገባል። የጥናቱ ዓላማ፣ የሚመረጡት ሰዎች፣ የሚወሰደው ናሙና፣ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት፣ የመረጃው አያያዝና በአካባቢው ቋንቋ የተዘጋጀው የስምምነት ቅጽ አብረው ይቀርባሉ። ጽሕፈት ቤቱ ሰነዱን ይለያል። ጉዳት የማያስከትል ቀላል መጠይቅ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት አባላት በአጭር ሂደት ይመለከቱታል። ደም የሚወሰድበት፣ ሕፃናት ወይም እስረኞች የሚሳተፉበት፣ መድኃኒት የሚሞከርበት ከሆነ ወደ ሙሉ ጉባኤ ይመራል። ጉባኤው ምልዓቱ ተሟልቶ ይወያያል፤ ያጸድቃል፣ እንዲስተካከል ይመልሳል ወይም ይከለክላል። የማጽደቂያው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያገለግላል።

ከውጭ ተቋማት ጋር የሚሠራ፣ ናሙና ወደ ውጭ የሚልክ ወይም አዲስ ሕክምና የሚፈትን ጥናት ሲሆን ጉዳዩ በተቋሙ ብቻ አያልቅም፤ ወደ ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይሄዳል። የመድኃኒትና የክትባት ሙከራ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የራሱን ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደብዳቤው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ጤና ቢሮ፣ ከቢሮው ወደ ቀበሌና ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መሪነት ወደ ቤት።

ቤት የሚደርሰው ወረቀት የስምምነት ቅጹ ነው። በላዩ የጥናቱ ርዕስ አለ። ከሥሩ ዓላማው፣ የሚወስደው ጊዜ፣ ከጣት የሚወሰደው የደም ጠብታ፣ “መልስ አልሰጥም ማለት ይችላሉ፤ ቢተዉትም የሚያገኙት የጤና አገልግሎት አይቋረጥም” የሚለው ዐረፍተ ነገር ይከተላል። ከታች የተመራማሪውና የኮሚቴው ስልክ ቁጥር ይጻፋል። መረጃ ሰብሳቢው ያነባል፤ ማንበብ የማትችል እናት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች፤ ምስክር ይፈርማል። እንግዲህ እንበልና ይህችው እናት ቀና ብላ “ልጄ፣ ደሜ የት ነው የሚሄደው? መልሱንስ ማን ያመጣልኛል?” ብላ ጠየቀች። የኮሚቴው አደረጃጀት መልካም መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ለዚህ ጥያቄ ባለው መልስ ነው። ቅጹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብትደውል የሚያነሳው ማን ነው? በምን ቋንቋ ያናግራታል? ቅሬታዋን የሚመዘግበው በየትኛው መዝገብ ነው?

በሰው ጉዳት የተጻፈ ሕግ

እነዚህ ኮሚቴዎች የቢሮክራሲ ፍቅር የወለዳቸው አይደሉም። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የሠሩት ግፍ ለፍርድ ሲቀርብ በ1947 የኑረምበርግ ደንብ ተጻፈ፤ የመጀመሪያው ቃሉም የሰውየው የፈቃደኝነት ስምምነት የግድ እንደሆነ ይናገራል። በአሜሪካ አላባማ በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ ያለባቸው 399 ጥቁር ወንዶች ሕክምና ሳያገኙ “ሲጠኑ” ኖሩ። ፔኒሲሊን ተገኝቶ በሽታው በቀላሉ የሚድን ከሆነ በኋላም ተነፈጉ። ጉዳዩ በጋዜጣ ወጥቶ አገር ሲያናውጥ አሜሪካ በ1974 የምርምር ሕግ አወጣች፤ ገምጋሚ ቦርድም የሕግ ግዴታ ሆነ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 ያወጣውና እስከ 2024 ድረስ ደጋግሞ ያሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫም ኮሚቴው ከተመራማሪው፣ ከገንዘብ ሰጪውና ከማናቸውም ተገቢ ያልሆነ ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይጠይቃል።

ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው የናይጄሪያው ካኖ ታሪክ ነው። በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሕፃናትን ሲያጠቃ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የሚባል አዲስ መድኃኒቱን 200 በሚሆኑ ሕፃናት ላይ ሞከረ። ግማሾቹ ትሮቫን፣ ግማሾቹ የተለመደ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። መድኃኒቱ ራሱ ያደረሰው ጉዳት ለዓመታት አከራከረ። የሥነ ምግባር ማጽደቂያ ሆኖ የቀረበው ደብዳቤ ግን ከጥናቱ በኋላ ተጽፎ ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰ ሆኖ ተገኘ። አጸደቀ የተባለው የሆስፒታሉ ኮሚቴም በዚያ ጊዜ አልተቋቋመም ነበር። ኩባንያው ጥፋት አልፈጸምኩም ቢልም በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘጋ።

ካኖ የሚያስተምረው ደብዳቤ ብቻውን ማንንም እንደማያድን ነው። ማኅተምና ፊርማ ያለው ወረቀት በእጅ እያለ ኮሚቴ ላይኖር ይችላል። ኮሚቴ እያለም ነፃነትና ጉልበት ላይኖረው ይችላል። የአስተዳደር ጥያቄ ዋናው ጥያቄ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ማን ይሾማል?

በአገራችን ገምጋሚ ኮሚቴዎች የሚቋቋሙት በምርምር ተቋማቱ ውስጥ ነው። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም የየራሳቸው ኮሚቴ አላቸው። አባላቱን የሚሾመው የተቋሙ አመራር ነው። አብዛኞቹ አባላትም መምህራንና ሐኪሞች ናቸው፤ የሚያስተምሩት፣ የሚያክሙትና የራሳቸውን ምርምር የሚሠሩት ሳይቀነስላቸው ፕሮፖዛል የሚያነቡት በትርፍ ጊዜያቸው ነው። ይህን ሥራ በቅንነት የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ምስጋናም ይገባቸዋል።

ሆኖም ቅንነት አደረጃጀትን አይተካም። ዩኒቨርሲቲ የሚመዘነው በታተሙ ጥናቶችና ከውጭ ባመጣው ገንዘብ ነው። ያው ዩኒቨርሲቲ የሾመው ኮሚቴ ትልቅ ገንዘብ ይዞ የመጣን ጥናት “አይሆንም” ሲል፣ የሾመውን አካል ጥቅም እየተቃወመ ነው። የአመልካቹ ቢሮ ከገምጋሚው ቢሮ ጎን ነው። ዛሬ ገምጋሚ የሆነው ነገ አመልካች ይሆናል። የክፍል ኃላፊ ያቀረበውን ፕሮፖዛል በሥሩ የሚሠራ መምህር እንዲገመግም ሲደረግ ደግሞ ነፃ ውሳኔ መጠበቅ ከባድ ነው። ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው እንዳይሆን የሚለው የአባቶች ጥንቃቄ እዚህም ይሠራል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር መመሪያ ኮሚቴ ቢያንስ አምስት አባላት እንዲኖሩት፣ አንዱ ከሳይንስ ሙያ ውጭ የሆነ፣ አንዱም ከተቋሙ ነፃ የሆነ ሰው እንዲሆን ይጠይቃል። በጉዳዩ ጥቅም ያለው አባል ግምገማ ሲካሄድ ወጥቶ መውጣቱ በቃለ ጉባኤ መመዝገብ አለበት። እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ነው። ሰብሳቢው የተቋሙ ምርምር አመራር አባል አይሁን፤ የሥራ ዘመኑም የተወሰነ ሆኖ በውሳኔው የተነሳ ሊነሳ የማይችል ይሁን። ጽሕፈት ቤቱም የራሱ ቋሚ ሠራተኛና በጀት ይኑረው። ከአመልካች የሚሰበሰብ የግምገማ ክፍያ ካለም በግልጽ ሒሳብ ይያዝ፤ ከውሳኔው ጋርም ፈጽሞ አይገናኝ።

ማን ይቀመጣል?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. አምስተኛ እትሙ የወጣው፣ ኮሚቴዎች ከልዩ ልዩ ሙያ እንዲውጣጡና የኅብረተሰቡ ድምፅ እንዲሰማ ያዝዛል። ነገር ግን የኅብረተሰብ ተወካይ የሚባለው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ከተማ ውስጥ የሚኖር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፕሮፖዛል ማንበብ የሚችል፣ ተቋሙ የሚያውቀው ሰው ከሆነ የዋሂል እናት አልተወከለችም። በስምንት ሐኪሞች መካከል አንድ ሰው ብቻውን ማስቀመጥም ለአንደበቱ ፈተና ነው።

የተወካይ ድምፅ ሳይንሱን እንዴት እንደሚያሻሽል ለማየት ከአገር መውጣት አያስፈልግም። በወላይታ የእግር እብጠት በሽታ የሆነውን ፖዶኮኒዮሲስ በዘረ መል ደረጃ ለማጥናት የተነሱት ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ደም ከመውሰዳቸው በፊት ሌላ ጥናት ሠሩ፤ ሰዉ ስለ ስምምነት ምን እንደሚያስብ ቀድመው ጠየቁ። ያገኙት ነገር ከቢሮ ሆኖ አይገመትም። ሕመምተኞቹ ከመርፌው ይልቅ የሚፈሩት መገለልን ነበር። “በዘር ይወርዳል” የሚለው ማብራሪያ ጎረቤት ልጃቸውን እንዳያገባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ መረጃው በሚታመኑ ሰዎች በኩል እንዲቀርብ፣ አነጋገሩ እንዲታረም፣ ሕመምተኞች የሚፈለጉበት መንገድ ሰውን ለመንደር እንዳያጋልጥ ተደረገ። ይህ ጥናት በ2009 ታተመ። ቀጥሎ የመጣው የዘረ መል ጥናትም በ2012 ከዓለም ቀዳሚ የሕክምና መጽሔቶች አንዱ በሆነው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። ሰውን ቀድሞ መስማት ሳይንሱን አላዘገየውም፤ አጸናው እንጂ።

በድሬዳዋና በሐረርጌ ደግሞ ሰዉ ራሱ የሠራቸው መድረኮች አሉ። አፎሻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ለሐዘንና ለደስታ የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌና የሃይማኖት አባት የሚደመጥበት፣ ሴቶችም የራሳቸው የሚሏቸው ማኅበራት ያሉበት አካባቢ ነው። የገጠር ቀበሌዎችን የሚያጠና ተቋም ከእነዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዎችን፣ አንዷ ሴት ሆና፣ ወደ ኮሚቴው ቢያመጣ፣ የፕሮፖዛሉን ጭብጥ በአፋን ኦሮሞ አስተርጉሞ ቢያቀርብላቸው፣ የትራንስፖርትና የውሎ ወጪያቸውን ቢሸፍን፣ የስምምነት ቅጹ ከመጽደቁ በፊት አንብበው ወይም ተነቦላቸው “ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ያስፈራል፣ ይህ አይገባም” እንዲሉ ቢያደርግ፣ የኅብረተሰብ ወንበር ትርጉም ያገኛል።

ማን ይመለሳል?

ከሁሉ የሚከፋው ክፍተት ከማጽደቅ በኋላ ያለው ነው። ኮሚቴ ደብዳቤ ከሰጠ በኋላ ሜዳ ወርዶ ማየት፣ ስምምነት በትክክል መጠየቁን መመርመር፣ ተሳታፊዎችን ማነጋገር በመመሪያው ያለ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛና መኪና የሌለው በትርፍ ጊዜ የሚሰበሰብ ኮሚቴ ይህን ማድረግ አይችልም። የዓመቱን ሪፖርት የሚጽፈውም ተመራማሪው ራሱ ነው።

ጥሩ አብነት ግን ከድሬዳዋ ብዙም ሳይርቅ አለ። በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ወረዳ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት እየተከታተለ ይመዘግባል። በዚሁ መሠረት ላይ የሕፃናትን ሞት ምክንያት የሚመረምረው ቻምፕስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ተተከለ። ሥራው ከባድ ነው፤ ከሞተ ሕፃን አካል በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ቀብር በማይዘገይበት ሙስሊም ማኅበረሰብ ውስጥ ሐዘን ላይ ያሉ ወላጆችን በሰዓታት ውስጥ ፈቃድ መጠየቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው የሃይማኖት አባቶችንና ሽማግሌዎችን ቀድሞ በማነጋገር ላይ ቆመ፤ የሞቱ ምክንያትም ሲታወቅ ለወላጆች ተመልሶ እንዲነገራቸው የአሠራሩ አካል ሆነ። ከዋሂሏ እናት አፍ ያስቀመጥነው ጥያቄ በዚህ መንገድ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ችግሩ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የትልቅ ገንዘብ ጥናቶች ዕድል ብቻ መሆኑ ነው። በአነስተኛ በጀት የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍም ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊመልስ ይችላል፤ ኮሚቴውም ይህን የማጽደቂያ ቅድመ ሁኔታ ሊያደርገው ይችላል።

አዋጅ ለምን?

ብሔራዊው ኮሚቴ በመንግሥት መዋቅር ውስጥ ቤት ሲቀይር ኖሯል። ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ወደ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛውሯል። የሚንቀሳቀስበት ዋና ሰነድም መመሪያ ነው። መመሪያ አሠራርን ያቀናል፤ ተቋምን ግን እንደ አዋጅ አያጸናም፣ የጣሰውንም እንደ ሕግ አይቀጣም።

የሌሎች የአፍሪካ አገሮች ልምድ አለ። ደቡብ አፍሪካ በ2003 ባወጣችው የጤና ሕግ ብሔራዊ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ምክር ቤት አቋቋመች፤ እያንዳንዱ ኮሚቴ በዚህ ምክር ቤት መመዝገብ አለበት፣ ምክር ቤቱም ይመረምረዋል። ኬንያም በ2013 የሳይንስ ሕጓ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ዕውቅና የሚያገኙበትን ብሔራዊ ኮሚሽን አጽንታለች። እኛም ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው ምርመራና ሕክምና አልቀበልም የማለት መብት እንዳለው ደንግጓል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግለሰብን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ተጠያቂ እንዲሆን አድርጓል። የቀረው እነዚህን መብቶች ከሚያስከብረው ኮሚቴ ጋር የሚያገናኝ ሕግ ነው፤ ኮሚቴዎችን የሚመዘግብ፣ በየጊዜው የሚመረምር፣ ጉድለት ሲያይ ፈቃድ የሚነሳ፣ የተሳታፊን ቅሬታ የሚቀበል።

የተመራማሪዎች ስጋት ሊናቅ አይገባም። ግምገማ ወራት ሲፈጅ ወረርሽኝ አይጠብቅም፤ ድሬዳዋ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። የወረርሽኝ ምላሽ ሰጪ ቡድን የታማሚን ቤት ሲፈትሽ የሕዝብ ጤና ግዴታውን እየተወጣ ነው፤ ያንኑ ደም ለዘረ መል ጥናት ሲያስቀምጥ ግን ምርምር ይሆናል። የሁለቱን ድንበር ቀድሞ ማስመርና ለአስቸኳይ ጊዜ በቀናት ውስጥ የሚሰበሰብ ጉባኤ ማዘጋጀት የሚችለው በደንብ የተደራጀ ኮሚቴ ነው። የሚያዘገየው ደካማው ነው።

ድሬዳዋ አዋጁ እስኪወጣ እጇን አጣጥፋ መጠበቅ የለባትም። የአስተዳደሩ ጤና ቢሮ በከተማዋና በገጠር ቀበሌዎቿ የሚካሄደውን ጥናት ሁሉ የሚያሰፍር፣ ለማንም ክፍት የሆነ አንድ መዝገብ ሊከፍት ይችላል፤ የጥናቱን ርዕስ፣ ያጸደቀውን ኮሚቴ፣ የወሰደውን ናሙና፣ ውጤቱ ለቀበሌው የተመለሰበትን ቀን ይይዛል። የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ አንድ የቅሬታ ስልክ ሊመድቡ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛና በአማርኛ የሚመልስ ሰው ሊያስቀምጡ ይችላሉ። የዚህ ወጪ ከአንድ መካከለኛ የምርምር በጀት የሚበልጥ አይመስለኝም። እነዚህ ከሆኑ የዋሂል ቀበሌ ሊቀመንበር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ለመጣ ሰው “ያለፈው ጥናት ውጤት የት አለ?” የማለት ሥልጣን ያገኛል። ኮሚቴውም ለሾመው ብቻ ሳይሆን ለተጠናው ሰው መልስ መስጠት ይጀምራል።